የኳሱ ነጭ ጭራ

ሟቹ ከሱቁ መጋዘን ደረጃ ግርጌ ወድቋል፤ ካቻቪቴው ገና ከኪሱ አልወጣም። መርማሪዋ ጎንበስ ስትል ወገቧን ያዛት። ጡረታዋ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ሬሳ ማየት ከሰለቻት ግን ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ «የሞተው ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው» አለ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተቀዷል፤ ገፍተው ነው የጣሉት።

የኮምፒውተር ስክሪን የሚሸጥበትንና የሚጠገንበትን ይህን ሱቅ ሟቹ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው የከፈተው። በሰዓቱ እዚያ የነበረችው ተቀጣሪያቸው ጠጋኟ ብቻ ስለሆነች ፖሊሶች ይዘዋታል፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ታናሽየው ስልኩን ለመርማሪዋ አቀበላት።

«ትናንት ዘጠኝ ከሃያ ላይ ቤት ነበርኩ። ይኸው ለእናቴ የላክሁት ቪዲዮ። ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ እንዳይደብራት ብዬ ነው።»

ቪዲዮው ላይ ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ቤት ስክሪን ይታያል። የእግር ኳስ ጌም ነው፤ ኳሱ ሲሮጥ ነጭ ጭራ ይከተለዋል።

«ያኔውኑ ቀርጸህ ነው የላክኸው?»

«ያኔውኑ። ዋናውን አጠፋሁት፤ ስልኬ ሞልቷል።»

«ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«እኔ ሻጭ ነኝ። ማስተካከያውን ነክቼም አላውቅ፤ እሱ ነበር የሚያውቀው።» ድምፁ ተሰበረ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ መርማሪዋን ይበልጥ ያደከማትም እሱ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ነጩን ነገር ለጠጋኟ አሳየቻት።

«ኦቨርድራይቭ የሚባለው ማስተካከያ ሲበዛ ነው» አለች ጠጋኟ። «የስክሪኑ ጥቃቅን ነጥቦች፣ ፒክስሎቹ፣ ቶሎ ቀለም እንዲቀይሩ ይገፋቸዋል። ሲያንስ ምስሉ ጥላ ይጎትታል፤ ሲበዛ ደግሞ ነጭ ጭራ ያወጣል። ፋብሪካዎቹ ስክሪኖቹን ፈጣን ናቸው ለማሰኘት እስከ ጥግ ይገፉታል። ትልቁ ጋሼ መሃል ላይ ያደርጉት ነበር፤ ያኔ ይጠራል።»

መርማሪዋ ወደ እናትየው ቤት ሄዳ ያንኑ ጌም ከፈተች። ኳሱ ጭራ የለውም።

«እማማ፣ ይህን ማን አስተካከለው?»

«ትልቁ ልጄ ነዋ። ያ ጭራ ዓይኔን አመመኝ ብዬ ስነግረው ትናንት ሰባት ሰዓት ለምሳ መጥቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ አስተካከለልኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁት።»

በማግስቱ ጠዋት ታናሽየውን፣ እናትየውንና ጠጋኟን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠጋኟ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች።

«ስክሪኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተስተካክሏል» አለች መርማሪዋ ወደ ታናሽየው ዞራ። «አንተ ማስተካከያውን አትነካም፤ ራስህ ነግረኸኛል። ኳሱ አሁንም ጭራ የለውም። እንግዲህ ጭራ ያለው ቪዲዮ ከሰባት ሰዓት በፊት የተቀረጸ ነው። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ላክኸው እንጂ አልቀረጽኸውም። ታዲያ የት ነበርክ?»

ታናሽየው እናቱን እንጂ መርማሪዋን አላየም።

«ጠዋት ለማስታወቂያ ነው የቀረጽሁት፣ ፍጥነቱን ለማሳየት። አንድ ትምህርት ቤት አርባ ስክሪን ሊገዛን ነበር። እሱ ደግሞ ‹ይህ ፍጥነት ምስል ያበላሻል፣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ› አለኝ። በጓሮ በር ወደ መጋዘኑ ገባሁ። አንዴ ብቻ ገፋሁት፣ እማ። አንዴ።»

የጠጋኟ ካቴና ተፈታ። ፖሊሶቹ ልጃቸውን ሲወስዱት እናትየው አላለቀሱም፤ ኮሌታው ተጣጥፎ ስላዩት ተነስተው አቃኑለት።

«ዓይኔን አመመኝ ብዬ ትልቁን ባላስቸግረው ኖሮ» አሉ ወደ መርማሪዋ ዞረው፣ «ይሄኛው ይቀርልኝ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ» አለች መርማሪዋ። «ይቺ ልጅ ግን ትታሰር ነበር።»

እናትየው ወደ ጠጋኟ ዞሩ። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡላት።