የተለወጠው የይለፍ ቃል

የኮምፒውተር ማሠልጠኛውን ባለቤት ጠዋት ምድር ቤት ባለው ቢሮው ውስጥ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ያገኘችው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ማጅራቱን ተመትቷል። እሷ ግን ማን ገደለው ብላ አላሰበችም። «ወይኔ ልጄን!» አለች።

ልጇ የማሠልጠኛው ቴክኒሽያን ነበረች። ባለቤቱ ትናንት በሰው ፊት አዋርዶ አባረራት። ቤት ገብታ «ታገኛታለህ» ብላ በስልኳ ስትጽፍለት እናት አየቻት። ከዚያ ወጥታ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ስለዚህ ልጅቷ ዛሬ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ እናት ስልኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ውኃ የሞላ የመወልወያ ባልዲ ውስጥ ከተተችው።

ተጠርቶ የመጣው የፖሊስ መርማሪ ግን ባልዲውን ሳያይ አላለፈም።

«ስልክሽ እዚህ ምን ይሠራል?» አላት ልጅቷን።

«እንጃ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

«ዋና አማረው?»

እናት ላድናት ብላ ይብስ አስጠረጠረቻት።

መርማሪው ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበ። የሟች ታናሽ ወንድም ቀድሞ ተናገረ።

«እኔ እዚህ ቤት ከረገጥኩ ወር አልፎኛል።»

«እኔ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ» አለች ጸሐፊዋ። «ጋሼ ደህና ነበሩ። ዋይፋዩም ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ስልኬን አላስገባ አለው።»

መርማሪው ወደ ልጅቷ ዞረ።

«እኔ ከኮምፒውተር የማውቀው ማጥፊያውን ነው። አስረጂኝ እስቲ።»

«ይኼ ሳጥን ራውተር ነው። ኢንተርኔቱን በሽቦ ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ ይበትነዋል፤ ዋይፋይ የምንለው እሱን ነው። መግቢያው የይለፍ ቃል ነው። ስልክ አንዴ ከነገሩት አይረሳውም፣ ሲመለስ ራሱ ይገባል። ቃሉ ከተለወጠ ግን አሮጌውን የያዘ ሁሉ ደጅ ይቀራል።»

በሽቦ ከራውተሩ በተያያዘው የሟች ኮምፒውተር ላይ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ከፈተችለት።

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሟቹ ራሱ ለውጦታል። እኔን ለማስወጣት በሩ አልበቃውም!»

ይኼኔ ከወንድምየው ኪስ የመልእክት ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ደገመ።

«እኔ ጣቢያ ለመደወል ደረጃውን መውጣት ነበረብኝ» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። «እዚህ ምድር ቤት የስልክ ኔትወርክ የለም። ያንተ መልእክት በምን ገባ?»

«በ... በዋይፋዩ ይሆናል።»

«ወር ሙሉ ያልመጣህ ሰው፣ ትናንት ማታ የተለወጠውን ቃል ማን ነገረህ?»

መርማሪው ስልኩን ተቀብሎ ለልጅቷ ሰጣት።

«እያንዳንዱ ስልክ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ማክ አድራሻ ይባላል» አለች። «ቃሉ ከተለወጠ ወዲህ ትናንት የገቡት ሁለት ስልኮች ብቻ ናቸው። አንዱ የሟች። ሌላው ይኼ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ።»

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«አብረን ከከፈትነው ቤት በር ላይ ስሜን ፋቀው። ልታረቀው መጣሁ። ቃሉን ሲነግረኝ የታረቅን መስሎኝ ነበር። ስለ ስሜ ሳነሳበት ሳቀብኝ።»

ይዘውት ወጡ። እናት «ተመስገን!» ብላ ልጇን ልታቅፍ ስትል መርማሪው ጣልቃ ገባ።

«የልጅቷ ስልክ ጤነኛ ቢሆን፣ ማታ የት እንደነበረች ገና በጠዋቱ ይመሰክርላት ነበር። ማነው ያነከረው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናት። «ላተርፋት ብዬ ነው።»

«ከምን?» አለች ልጅቷ።

እናት ዓይኗን ወደ ባልዲው መለሰች።

«እማዬ፣ ገድላለች ብለሽ ነው?»

«ፈርቼ ነው፣ የኔ ልጅ። ስትወጪ ጊዜ...»

«ንዴቴን ላበርድ መንገድ ለመንገድ ስዞር ነበር። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ ደረጃው አመራች።

«ቆይኝ፣ አብረን እንሂድ!»

«የት? አንቺ እኮ እስር ቤት ልከሽኝ ጨርሰሻል።»

እናት ተከትላት ልትወጣ እግሯን አነሳች፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ግን አላለፈችም።