ለሲኒማ የፈሰሰ እንባ

ሰው በሌላው ታሪክ ላይ ሲፈርድ ርኅሩኅ ነው፤ ጉዳዩ ወደ ገዛ ደጁ ሲመጣ ግን ልቡ ይደነድናል። በእስራኤል አገር የቂርያት ጋት ከተማ ነዋሪ የሆኑት ወይዘሮ ሙሉሽም ከዚህ አላመለጡም።

ወይዘሮ ሙሉሽ ባላቸውን በሞት ካጡ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የሕንድ ፊልም ማየት ልማዳቸው ሆኗል። ከጎንደር ወጥተው በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የሚወስዳቸውን በረራ ይጠባበቁ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ሲኒማ ቤት ገብተው የጀመራቸው ፍቅር ነው። ሕንድኛ አያውቁም፤ ከሥዕሉ ግርጌ የሚያልፈውን የዕብራይስጥ ጽሑፍም ማንበብ አይችሉም። የተዋናዮቹን ፊት እያዩ ንግግሩን ራሳቸው ይሞሉታል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽም አጠገባቸው ተቀምጠው ሁሉንም አምነው ያደምጣሉ።

«አሁን ምን አለችው?» ይላሉ ይታይሽ።

«‹አባቴ ቢገድለኝም ካንተ አልለይም› አለችው።»

«አባትየውስ?»

«እሱማ ድንጋይ ነው። ምን ልብ አለው ብለሽ!» ይላሉ ሙሉሽ፤ በነጠላቸው ጫፍም እንባቸውን ይጠርጋሉ።

ልጃቸው ሬዑት በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቁጥብና ቃሏን አክባሪ ልጅ ናት። ፍቅር የመጣባት ግን ተንከባልሎ ነው።

በክረምት አንድ ቀን ከቴል አቪቭ ስትመለስ፣ ባቡሩ ወደ ቂርያት ጋት ሲቃረብ፣ አንድ ጸጉራም ክብ ነገር ከመቀመጫዎቹ ሥር እየተንከባለለ መጥቶ ጫማዋን መታ። ከኋላው አንድ ጠይም ወጣት በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ደረሰ።

«ይቅርታ፣ እግርሽን ጥቂት ታነሺልኛለሽ?»

«ይኼ ነገር ይፈነዳል?»

«የጣቢያው ጠባቂም ይህንኑ ጠይቆኛል። ኮኮናት ነው። እናቴ ለነቢዩ ኤልያስ የምስጋና ማዕድ ስታቀርብ ያለ ኮኮናት አይሆንላትም።»

ሬዑት ሳቀች። እግሯን ስታነሣ ኮኮናቱ እንደገና አመለጠ። ሁለቱም ሲከተሉት ባቡሩ ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ ነበር። ቂርያት ጋት በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ ስትሸሽ ቆመው ተያዩ።

«ቀጣዩ ጣቢያ ለሀቪም ነው» አለች ሬዑት።

«ጥፋቱ የኮኮናቱ ነው።»

«የተሸከመው ሰውስ?»

በለሀቪም ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮኮናቱን በመካከላቸው አኑረው ተቀመጡ። ስሙ ኤቭያታር ነው። በካርሜ ጋት ሰፈር ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ አሳንሰር ይጠግናል፤ ወላጆቹም ከሙምባይ ጠረፍ የመጡ የሕንድ አይሁድ ናቸው። ይህን ከተነጋገሩ በኋላ ዝም አሉ። ዝምታው ግን የሚከብድ ዓይነት አልነበረም። የሚመልሳቸው ባቡር መጣ፤ ቆመ፤ ሄደ።

«ያ የእኛ ነበር» አለች ሬዑት።

«አውቃለሁ» አላት።

ከወራት በኋላ ሬዑት ነገሩን ለእናቷ ገለጠች።

«ሕንድ?» አሉ ሙሉሽ ደንግጠው። «ሕንድ በሲኒማ ነው እንጂ በቤቴ ምን ይሠራል?»

«እማዬ፣ አይሁዳዊ ነው።»

«የማን ልጅ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እኛ ሰባት ቤት ሳንቆጥር ልጅ አንሰጥም፤ አንቀበልምም።»

በዚያ ቀን ታላቅ ወንድማቸው አባ አለነ በቤቱ ነበሩ። የዘር ሐረግ በመቁጠር በከተማው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ቆጠራው ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ ነው። ከሕንድ ጋር ደግሞ በየት በኩል ልንዛመድ ነው?» አሉ።

«አይቀልዱ፣ አባ አለነ! አባቶቹን የማያውቅ ሰው ልጅ አያሳድግም። ከአዲሱ ዓመት በፊት፣ የፊታችን ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ሰባቱን ቆጥሮ ይቅረብ። ያን ቀን ካልመጣ ነገሩ በዚያው ይቅር።»

ሬዑት ይህን ለኤቭያታር ስትነግረው ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። «ያለ እናቴ ምርቃት አላገባህም። ከአንተ ሌላም አላገባም። እንግዲህ መንገዱን ፈልገው።»

እርሱ የሚያውቀው ሦስቱን አባቶች ብቻ ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ ሃዳሳ ደግሞ አራተኛውን። ቀሪዎቹን የሚያውቁት በባሕሩ ጠረፍ መንደር የቀሩት አሮጊት አክስቱ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ ስልክ የላቸውም። ስለዚህ እናትና ልጅ ወደ ሕንድ በረሩ። አሮጊቷ በቃል ነገሩት፤ እርሱም እስኪይዘው ድረስ በቃል ደገመላቸው።

በሚመለሱበት ቀን ግን ሌላ ነገር ገጠማቸው። ሕንዶች የዝሆን ራስ ያለውን የአምላካቸውን ምስል በከበሮና በዘፈን አጅበው ወደ ባሕር የሚያወርዱበት በዓል ነበር። ሰልፉ መንገዱን እንደ ጎርፍ ሞላው። ታክሲያቸው በመካከሉ ተገትሮ ቀረ። ሻንጣቸውን ተሸክመው በእግር ቢወጡም ሕዝቡ ቀይ ዱቄት እየበተነ ይጨፍር ነበርና ከራስ እስከ እግራቸው ቀሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ አውሮፕላኑ ሄዷል።

ሐሙስ ዕለት አባ አለነ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ይታይሽም መጡ፤ ማዕዱ ተዘጋጀ። ሬዑት ከስልኳ ላይ የኤቭያታርን መልእክት ለእናቷ አነበበች።

«ምን? የዝሆን ራስ ያለው ጣዖት መንገድ ዘጋብን ይላል?» አሉ ሙሉሽ። «ይህንንማ ከፊልም ነው የቀዳው!»

«ሙሉሽ፣» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ፣ «ባለፈው ሳምንት በፊልሙ ያ ልጅ በሰልፍ መካከል ሲዘገይ፣ ‹የሚወድ ሰው ይደርሳል› እያልሽ አልነበረም?»

«ያ ሲኒማ ነው።»

አባ አለነ ከወንበራቸው ሳይነሡ ተናገሩ። «እህቴ፣ ለማታውቂያቸው ሰዎች ይህን ያህል ዘመን አነባሽ። ለልጅሽ አንዲት ጠብታ እንኳ አልተረፈችም?»

ሬዑት ያልተነካውን ምግብ አንድ በአንድ አነሣች። እናት የልጃቸውን ጀርባ ሲያዩ ዋሉ፤ እልኻቸውን ግን አልተዉም። ግትርነት ተሸንፎም ቢሆን ወንበሩን የሚለቅ እንግዳ አይደለም።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል፣ ባቡርም ቆሞ፣ የከተማውም መንገድ ለሰንበት ጭር ማለት ሲጀምር፣ አባ አለነና ይታይሽ ከሙሉሽ ጋር ተቀምጠው ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሬዑት ከፈተች። ኤቭያታርና እናቱ ሻንጣቸውን ይዘው ከደጃፉ ቆመዋል። የሸሚዙ አንገትጌ ቀይ ነው፤ ጆሮዎቹም ቀይ ናቸው። የወይዘሮ ሃዳሳ ሽበት ደግሞ እንደ ጽጌረዳ ቀልቷል።

ሬዑት አፏን በእጇ ሸፈነች። ለመሳቅ ይሁን ለማልቀስ እርሷም አላወቀችም።

«ወደ በዓሉ አልሄድንም፣ እመቤቴ» አለ ኤቭያታር ለሙሉሽ እጅ ነሥቶ። «በዓሉ ነው የመጣብን።»

ወይዘሮ ሃዳሳ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው ጨመሩ። «ሦስት ጊዜ ታጠብኩት። አልለቅ አለ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሁሉም ሰው እኔን ሲያይ መጣ።»

ይታይሽ ከት ብለው ሳቁ። ሙሉሽ ግን ፊታቸውን አላላሉም።

«ሰባቱስ?» አሉ።

ኤቭያታር ከመድረኩ ሳያልፍ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አባቴ ሳምሶን። የእርሱ አባት ኤልያስ። ከዚያ ዳውድጂ፣ ሳማጂ፣ ሙሳጂ፣ ኤሎጂ፣ አባጂ።»

አባ አለነ በእያንዳንዱ ስም አንድ ጣት አጠፉ። «ሙሳጂ የምትለው ሙሴ ነው?»

«አዎን፣ አባ። አባጂ ደግሞ አብርሃም ነው። በዚያ አገር አፍ ነው የተጠሩት።»

«እኛም በጎንደር አፍ ነው የተጠራነው» አሉ ሽማግሌው። ሰባተኛውን ጣት አጥፈው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ሞልቷል።»

ሙሉሽ ግን ወደ ወይዘሮ ሃዳሳ ዞሩ። «ምን ይሠሩ ነበር፣ አባቶቻችሁ?»

«ዘይት ይጨምቁ ነበር። ቅዳሜ መጭመቂያው ይቆማል፤ ማንም ቢለምናቸው አይሠሩም። ጎረቤቶቻቸው በስማቸው አይጠሯቸውም፤ ‹የቅዳሜ ዘይተኞች› ብቻ ይሏቸው ነበር። ከእነርሱ ጋርም አይበሉም። ዘይታቸውን ግን ይገዛሉ።»

የሙሉሽ አባት ባለ እጅ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። ገበሬው ሁሉ ሥራቸውን እየፈለገ፣ ጥላቸው ሲያርፍበት ግን ይሸሽ ነበር። ሙሉሽ ልጅ ሳሉ አባታቸውን በስማቸው የሚጠራ የሰፈር ሰው ሰምተው አያውቁም።

«የእኔም አባት» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው፣ «ዓርብ ወናፉን በጊዜ ያቆም ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች በደጃፉ ግራና ቀኝ ቆመው ተያዩ፤ ከዚያ ሙሉሽ በመስኮቱ የፀሐይዋን ከፍታ ለኩ።

«ሰንበት ሊገባ ነው። በዚህ መልክ ሰንበት አይቀበሉም። ሬዑት፣ ፎጣ አምጪላቸው!»

ሬዑት ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። «እማዬ፣ ይህ ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ነው ትላለች! በፊልሙ መጨረሻ እናትየዋ ምን እንደምትል ሳወራልሽ አይደለም ያደግሽው?»

ሬዑት እናቷን አቀፈች። ሙሉሽ በዚያች ቅጽበት ያፈሰሱት እንባ፣ ላለፉት ዘመናት ሁሉ ካፈሰሱት ይልቅ በቦታው የዋለ ነበር። ኤቭያታር ከሙሉሽ ትከሻ በላይ ሬዑትን አያት፤ እርሷም አየችው። አንዳቸውም አልተናገሩም፤ በለሀቪም ባቡሩ ሲያልፍ እንዳልተናገሩት።

የአዲሱ ዓመት በዓላት ካለፉ በኋላ ወይዘሮ ሃዳሳ ከመንገዳቸው በሰላም ስለ መመለሳቸው የነቢዩ ኤልያስን የምስጋና ማዕድ አቀረቡ። ጣፋጭ ሩዝ፣ ፍራፍሬና የተፈቀፈቀ ኮኮናት ነበረበት። ኮኮናቱን የሰበሩት አባ አለነ ነበሩ፤ ከሰበሩትም በኋላ፣ «ይህ ነው ልጃችንን እስከ ለሀቪም የወሰደብን?» ብለው ቤቱን አሳቁ። የሠርጉም ቀን በዚያው ማዕድ ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ በሙሉሽ ሶፋ ላይ ሦስት ሴቶች ይቀመጣሉ። አንድ ቀን በፊልሙ ውስጥ ሁለት ፍቅረኞች በዝናብ በስብሰው ከአንዲት እናት ደጅ ቆሙ። እናትየዋ እጇን ዘርግታ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ምን አለቻቸው?» አሉ ይታይሽ።

«‹ፎጣ አምጡላቸው› አለች» አሉ ሙሉሽ።

ይታይሽ ሕንድኛ ወደሚያውቁት ወደ ሃዳሳ ዞሩ። «እውነት እንዲህ ነው ያለችው?»

ወይዘሮ ሃዳሳ ጥቂት አሰቡ። «አይደለም። ‹ከደጄ ጥፉ› ነው ያለችው።» ከዚያም የሙሉሽን እጅ ያዙ። «የሙሉሽ ይሻላል።»