የተረፉት መዳፎች

ዓሣ አጥማጁን ኦስሙንድን ከደቡቡ ሐይቅ ዳር ጓንት በጓንት ላይ ደራርቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ እንደተቀመጠ በብርድ ደርቆ አገኙት። ነፍስ አድን ሠራተኞቹ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈልጉት የቆዩት በሰሜን በኩል ነበር፤ ወንድሙ ቬብዮርን «ወደ ሰሜን ነው የሄደው» ብሏቸው ነበርና።

መርማሪ ሲግሩን የስልክ ጥሪው ሲደርሳት ቦት ጫማዋን ገና ማውለቋ ነበር። ተነፈሰችና መልሳ አጠለቀችው። በዚያ ክረምት ስንት ሬሳ እንዳየች መቁጠር ትታለች።

የሟች ሚስት ኢንገሪድ የበረዶ ማዕበሉ በተነሳ ዕለት ከቬብዮርንም ጋር በሚኖሩበት ጎጆ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር።

«በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ» አለች። «ሲሄድም ሲመለስም። የማን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ከዚያ ሲግሩን ጎረቤታቸውን ሽማግሌውን አይለርትን ጠየቀች።

«ከኦስሙንድ ጋር በመረብ ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እሱ ከማን ጋር ያልተጣላ አለ? ከገዛ ጥላው ጋርም ይጣላ ነበር!»

«የበረዶ ሞተር አለህ?»

«አለኝ። ያን ቀን ግን ከምድጃዬ አልራቅኩም። ምስክር ካሻሽ ውሻዬን ጠይቂ።»

ቬብዮርን ሆስፒታል ተኝቷል። ሁለት እጆቹን ውርጭ በልቷቸው አብጠዋል፤ ውሃ ቋጥረዋል፤ የትኛው ሥጋ ሞቶ የትኛው እንደተረፈ አይለይም።

«ወንድሜ መረቡን ሊያይ በእግሩ ወጣ» አላት። «ሲዘገይብኝ ተከተልኩት። ሞተራችን በዚያ ብርድ አልነሳ አለኝ። ጓንቴ ስለራሰ ጣልኩት፤ የተቀበረ መስሎኝ በረዶውን በባዶ እጄ ቆፈርኩ። ኢንገሪድ ሞተር ከሰማች እንግዲህ... በአካባቢው ሞተሩ የሚሠራለት አይለርት ብቻ ነው።»

ሲግሩን ተነስታ ወጣች። የምታክመውን ሐኪም ራግንፍሪድን ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«ጣቶቹ ይቆረጣሉ?»

«ገና አላውቅም። እዚያ ውስጥ እያስገባነው ነው» አለች ሐኪሟ፣ ክብ መስኮት ያለውን የብረት ክፍል እያሳየች። «በሩን ዘግተን የአየሩን ግፊት ከፍ እናደርጋለን፤ እሱ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ይስባል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ሥጋ በዚያ ሊነቃ ይችላል። የሞተው ግን አይነሳም። ሲቆይ የሞተውና የተረፈው ሥጋ ድንበር ቁልጭ ብሎ ይወጣል።»

«ሲወጣ ጥሪኝ።»

ከቀናት በኋላ ተጠራች። እጆቹን አገላብጣ አየች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደስ ሊላት ሲገባ ድካም ብቻ ተሰማት።

በማግስቱ ኢንገሪድንና አይለርትን የሕክምናው ክፍል አጠገብ ሰበሰበች። ቬብዮርን በተሽከርካሪ ወንበር መጣ።

«በረዶ የሚቆፍር ሰው» አለች ሲግሩን፣ «ውርጭ መጀመሪያ የሚበላው የቱን ነው?»

«የጣቶቹን ጫፍ» አለች ሐኪሟ።

«የእሱስ?»

«ጫፎቹ በውስጥ በኩል፣ መዳፉም ጭምር፣ ቀልተዋል፤ ደም ይመላለስባቸዋል። የሞተው ሥጋ በእጁ ጀርባ፣ በጣቶቹ አንጓ ላይ ነው።»

«ስለዚህ አልቆፈረም። አንድ ነገር ጨብጦ ነበር፤ ነፋሱ ጀርባውን ሲገርፈው የጨበጠው ነገር መዳፉን ያሞቀው ነበር። አይለርት፣ እዚያ በረዶ ሜዳ ላይ የሚሞቅ ምን ይጨበጣል?»

የሽማግሌው ፈገግታ ጠፋ። «የሞተር እጀታ። ውስጡ በኤሌክትሪክ ይሞቃል።»

«የቀኝ አውራ ጣቱም የውስጥ በኩል ተርፏል፤ የሞተሩ ነዳጅ መስጫ የሚጫነው በእሱ ነው። የአይለርት እጆች ግን ጭረት እንኳ የላቸውም። ኢንገሪድ የሰማችው የራሳችሁን ሞተር ነው፤ ሲሄድ ሁለት ሰው ይዞ፣ ሲመለስ አንድ። ጓንትህም አልተጣለም፣ ቬብዮርን። ወንድምህ በራሱ ጓንት ላይ ደርቦት ነው የተገኘው።»

ኢንገሪድ ወደ ቬብዮርን ዞረች።

«መንገድ ላይ 'ከእንግዲህ ጀልባዬ ላይ አትወጣም' አለኝ» አለ ቬብዮርን ወለሉን እያየ። «ዕድሜ ልኬን እንደ ውሻ ሲያባርረኝ... 'እንግዲያው አንተም ከሞተሬ ውረድ' አልኩት። ጓንቴን ወርውሬለት ሄድኩ። ላስደነግጠው ነበር፤ ልመለስለት ነበር። ማዕበሉ መጣ።»

«ማዕበሉን አላመጣኸውም» አለች ሲግሩን በደከመ ድምፅ። «ነፍስ አድኖቹ የት ነው ብለው ሲጠይቁህ ግን ወንድምህ ገና በሕይወት ሊኖር ይችል ነበር። አንተ ጥለኸው መምጣትህ እንዳይታወቅ ሰሜን አልክ።»

ቬብዮርን ያበጡ እጆቹን ተመለከተ። እንባው ወረደ፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም።

«አሁን ትወስጂኛለሽ?»

«ሕክምናህን ስትጨርስ። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።»

ሐኪሟ ከባዱን በር ከፈተች። ኢንገሪድ ያን ጊዜ ወደ ሐኪሟ ቀረበች።

«ዶክተር፣ ጣቶቹን አድኚለት» አለች። «ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ከእንግዲህ በራሱ እጅ ይብላ።»

ኮቷን አንስታ ወጣች።