አባ ኮዳዎቹ መንገድ ሲለቁ

«ሰምተኸዋል ወይስ አልሰማኸውም?» አለኝ ታሪኩ ለአራተኛ ጊዜ፣ ካሜራዬን ከአልጋው ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ እንዳጣበቀ፣ እኔ ደግሞ መልሱን እያወቅሁ ሌንሱ እንዳይጫር ተጠንቀቅ እለዋለሁ፣ እስቲ አሁን ይሄ የሰው መልስ ነው?

እመኑኝ፣ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ግጥም ስለምሞክር መንፈስ የሚያናግረኝ የሚመስላቸው አሉ እንጂ፣ ጥላ አየሁ ባይ ሲመጣ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ታሪኩ አብሮኝ ቤት የተከራየ ጓደኛዬ ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ደሳለኝ ደግሞ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያ አጥማጅ ነው፣ ነበር ልበል? የዓሣ አንጀት እየወረወረ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ራሰ በራ ግዙፍ ወፎች፣ ወደ ሌንሴ የሚያስጠጋልኝ እሱ ነው፣ «ገጣሚው» ብሎ የሚጠራኝም እሱ ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ ጀልባው ተገልብጣ ተገኘች፣ እሱ ግን አልተገኘም።

ታሪኩ ያን ቀን እናቱ ቤት ስላደረ እኔ ወሬውን አልሰማሁም፣ ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዴ ወጣሁ፣ ከዓሣ ገበያው ራቅ ብሎ ቄጤማው ጥቅጥቅ ያለበት ዳር ተቀመጥኩ። ወፍ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አንድ ሕግ አለው፣ ወፎቹ እስኪረሱህ ድንጋይ ትሆናለህ፣ ስልክ ቢጮህ አታነሳም፣ ሰው ቢጠራህ አቤት አትልም። ዘጠኝ አባ ኮዳዎች ፊቴ ቆመዋል፣ አንዱ መንቁሩን ቀቀቀቀ ያደርጋል፣ ባዶ ሣጥን በጣት እንደማንኳኳት፣ ከዚያ ድንገት ዝም አለ፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ ቄጤማው አዞሩ፣ ውሃው ቦጭረቅ አለ።

«ገጣሚው፣ እጅህን ስጠኝ።»

የደሳለኝ ድምፅ ነው። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ፣ አንዴ እንዲሁ ብሎ ሁለት ሰዓት የጠበቅኋትን ወፍ አስበርሮብኛላ፣ የካሜራዬን ቁልፍ መጫን ቀጠልኩ። ሁለተኛ ጠራኝ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ። ሦስተኛ አልጠራኝም።

ወሬውን የሰማሁት እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ለማንም ምንም አልተናገርኩም፣ ለምን አልተነሳህም ቢሉኝ ምን እላለሁ? ጀልባዎቹ ሦስት ቀን በገበያው በኩል ፈለጉት፣ እናቱም ልጄን ሳላይ ድንኳን አይተከልም ብለው እምቢ አሉ።

ዛሬ ፎቶዎቹን ከፈትኩ፣ ሲጠራኝ በተከታታይ ያነሳኋቸው ሰባት ናቸው። ገበያ የለመደ አባ ኮዳ ሰው በመሃሉ ሲያልፍ አይበርም፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብሎ መንገድ ይለቅና መልሶ ቦታውን ይይዛል። በመጀመሪያው ፎቶ መንገድ የለቀቁት ውሃው ዳር ያሉት ናቸው፣ በአራተኛው መሃል ያሉት፣ በሰባተኛው እኔ አጠገብ ያሉት። በመሃላቸው ማንም የለም፣ አጉልቼ አየሁ፣ ጭቃ ብቻ ነው፣ ግን በዚያ በመጨረሻው ፎቶ ዘጠኙም የሚያዩት ሌንሱን አይደለም፣ ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ያለውን ነው።

ያን ጊዜ ነው ታሪኩ የገባው፣ በየጠዋቱ ከሐይቁ ዳር እንደማልጠፋ ያውቃል፣ ፊቴን አየና ወንድሜን ሰምተኸዋል ወይ እያለ ጥያቄውን ጀመረ።

«ሰምቼዋለሁ» አልኩት በመጨረሻ።

«ሐሙስ ጠዋት?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

ታሪኩ ካሜራውን ከደረቱ አላቀቀ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ሰባተኛው ላይ ቆየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ አየ። ቄጤማው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ልከተልህ ብዬ ብድግ አልኩ።

«አንተ ተቀመጥ» አለኝ፣ «መቀመጥ ታውቅበታለህ።»

ካሜራውን አልጋው ላይ አስቀመጠ። በሩን ከፍቶ ቆመ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ፣ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቅ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ ከዚያ እሱም ወጣ፣ በሩም ተዘጋ።