ያልገቡበት ታንከር

«እስቲ ድገሚው!» አሉ የድራማ ክበቡ መምህር።

ልጅቷ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነች። የጓደኛዋ ድምፅ «ማነው እዚያ?» ብሎ ክፍሉን ሞላው። ቃሉ ካለቀ በኋላም የገደል ማሚቶው እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ።

«ወይ ጉድ! የት ነው የቀዳችሁት?»

የጓደኛዋ ምላስ መቼም ከሐሳቧ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ባዶ የውሃ ታንከር ውስጥ ገብተን ነዋ፣ ቲቸር!»

ምን ታንከር አለና! የቀዱትማ ልጅቷ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ሳቅ እያፈናቸው ነው። ድምፁ እንደ አደረ ዳቦ ደርቆ ወጣ። ልጅቷ ታዲያ ቅዳሜን ሙሉ ሶፍትዌሩ ላይ ተተክላ ዋለች። ሽሽሽ የሚል ተራ ድምፅ ፈጠረች። በኃይል ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲከስም፣ ቀጭኑም ድምፅ ከወፍራሙ ቀድሞ እንዲጠፋ አደረገችው። ፕሮግራሙ ያንን ሽሽታ እንደ ጅራት ለእያንዳንዱ ቃል ሲቀጥልለት፣ የትም የሌለ ሰፊ ክፍል ተሰማ። ደስታዋን አልቻለችውም። እናቷ እንኳ «ደግሞ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች!» ብለውባት ነበር።

«በቃ፣ ሐሙስ ሙሉ ድራማውን ታንከሩ ውስጥ እንቀዳዋለን!» አሉ መምህሩ። ክበቡ በጭብጨባ ቀለጠ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ቲቸር የውሸት ድምፅ አልወድም ይሉ የለ? ሥራሽን እንዳይጥሉብሽ ብዬ ነው» አለች ጓደኛዋ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ብትናገር ጓደኛዋ በሰው ፊት ልታፍር ነው፤ ድምፁም ከድራማው ሊወጣ ይችላል። ዝም ብትል ደግሞ ያ ሁሉ ልፋቷ የታንከር ሆኖ ሊቀር ነው። ይሄኛው ከነከናት።

«ቲቸር፣ አንዴ ይስሙኝ» አለችና ጅራቱን አጥፍታ ቅጂውን ከፈተችው።

«ማነው እዚያ?» አለ ደረቁ ድምፅ። ወዲያው የታፈነ ሳቅ፣ ከዚያም የልብስ ማንጠልጠያ ኳኳታ ተከተለ። 

ልጅቷ ጓደኛዋን አየቻት። ጓደኛዋ ብድግ አለች።

«እኛ ነን፣ ቲቸር» አለች። «ቁም ሳጥን ውስጥ። ታንከሩን የሠራችው እሷ ናት።»

መምህሩ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉና «እስቲ እንዴት እንደሠራሽው አሳዪኝ» አሉ።