የባሕረኛው ሞተር

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ከሸኮ ደጋ የሚወርደው ወንዝ ቆላውን በሚነካበት ስፍራ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር፤ ክረምቱ አልወጣ ብሎ፣ ውኃው ከላይ ከቡናው ጫካ የነቀለውን ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ማግስቱ የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ የራሱ ክልል እንዲኖረው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበርና፣ ለማዶው ቀበሌ የተላኩት የድምፅ መስጫ ሣጥኖች በዚያች ማለዳ በሰማን ጀልባ ተሻገሩ።

የሰማን አባት ከጅማ መጥቶ ሚዛን ተፈሪ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ሰማን ግን ከሱቁ ይልቅ ወንዙን መርጦ፣ ከኋላዋ የቤንዚን ሞተር በተገጠመላት አንዲት የብረት ጀልባ ሰውና ቡና ያሻግር ነበር። ሣጥኖቹን በደኅና አድርሶ ሲመለስ፣ በደራሽ የመጣ ግንድ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረውን የሞተሩን መቅዘፊያ መታው፤ ሞተሩም አንድ ጊዜ ጮኾ ጠፋ። ጀልባዋን ጎርፉ ወደ ታች ይዟት ነጎደ፤ ፏፏቴው አፍ ላይ ሳትደርስ አንድ የዋርካ ሥር ባይዛት ኖሮ ሰማን አይተርፍም ነበር። የዳሩ ሰዎች ጀልባዋን በገመድ ጎትተው ወደ መሻገሪያው መለሷት፤ ሰማን ግን የማስነሻውን ገመድ በሳበ ቁጥር ሞተሩ ወደ ኋላ እየተኮሰ ክንዱን ሊገነጥለው ሆነ፤ ሁለቴ እያስነጠሰ ቢነሣም ወዲያው ጠፋ። በዚህ ጊዜ ሚዛን ደውሎ ባሕረኛውን አስጠራ።

ባሕረኛው የሚባሉት ዓባይነህ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የበታች ሹም ሆነው፣ በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች መካከል በሚመላለሱ ጀልባዎች ላይ ሞተረኛ ሆነው አገልግለዋል፤ ምጽዋ በሰማንያ ሁለት ስትያዝ ከባሕሩ ወጡ፤ በማግስቱ ዓመት መንግሥቱ ራሱ ወደቀ፤ ቀጥሎም አገሪቱ ከነወደቧ ከባሕሩ ተለየች። ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ አንድ የቡና እርሻ መካኒክ ይፈልጋል ሲባል ሰምተው ወደዚህ ዝናባም አገር መጡ፤ ከቡና መፈልፈያውም ጋር፣ ከሞተር ብስክሌቱም ጋር ታግለው ኖሩ። ከሰሜን ከመጡ ቤተ ሰቦች የተወለደችውን የዓለምዘርፍን አግብተው አማን ላይ ቤት ሠሩ፤ አንዲት ልጅ ወለዱ። ስሟ ትዕግሥት ነው። ነርስ ሆና ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ኬላ ተመደበች፤ እዚያው የሚያስተምረውን ጌታሁንን አገባች፤ በዚያ መስከረም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበር። እናቷ አማን መጥታ እንድትወልድ ብትለምናት፣ የመራጭ ካርዴን ያወጣሁት እዚህ ነው፣ ድምፄን ሰጥቼ በማግስቱ እመጣለሁ ብላ ነበር።

ዓባይነህ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉ አዲስ ካንዴላዎች ከሚዛን ገበያ ገዝተው በሞተር ብስክሌት ደረሱ። አሮጌዎቹን ካንዴላዎች ፈትተው ቢያዩ በጥቀርሻ ጠቁረው፣ በቤንዚን ርሰው አገኟቸው፤ አዲሶቹን ክፍተታቸውን ለክተው አስገቡ፤ እሳቱም ሰማያዊ ሆኖ ዘለለ። ይሁንና ገመዱ ሲሳብ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ወደ ኋላ ተኮሰ። ይህን ጊዜ እሳቱ እንዳለ፣ ሰዓቱ ግን እንደ ተዛባ ገባቸው፤ ከሞተሩ አናት ላይ ሆኖ አብሮ የሚሽከረከረው ከባድ መንኮራኩር፣ ቮላኖው፣ በግንዱ ምት ከቦታው ተንሸራቷል፤ ካንዴላው እሳት መስጠት የሚገባው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሳለ፣ አሁን ገና ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ይሰጥ ነበር።

ቮላኖውን ለመፍታት ሲዘጋጁ ስልካቸው ጮኸ። ጌታሁን ነበር። ትዕግሥት ምጥ እንደ ጀመራት፣ ደምም እንደሚፈሳት፣ የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ወንዙ እያመጣት መሆኑን ነገራቸው። ዓባይነህ ቀና ሲሉ፣ ከማዶው የሙዝ ተክል መካከል ሰዎች ብቅ አሉ፤ ቃሬዛውን ውኃው ዳር ሲያሳርፉትና ነጠላ በላይዋ ሲዘረጉ በዓይናቸው አዩ። ሰማን ወዲያው አምቡላንስ አስጠራ፤ መኪናው ከሸኮ ወርዶ እነሱ ባሉበት ዳር ቆመ። የቀረው ውኃው ብቻ ነበር።

ሰማን አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ ሁለቴ ተነሥቶ እኮ ነበር። እያስነጠሰም ቢሆን ይሄዳል። በአላህ ይዣት ልምጣ።»

ዓባይነህ እጃቸውን ሳያነሡ መለሱ። «ያደርስህ ይሆናል። መካከል ላይ ቢጠፋብህስ?»

«እኔ እሞታለሁ።»

«ስትመለስ ቢጠፋብህስ? እሷን ይዘህ?»

ሰማን ወደ ታች ዞሮ አየ። ፏፏቴው ከታች ያጉረመርም ነበር፤ በማለዳው እንዴት እንደ ተረፈ እሱ ራሱ ያውቅ ነበር።

ቮላኖውን ፈትተው ሲያነሡት፣ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ቁልፍ ተቆርጦ ተገኘ። እንዲህ ያለ ቁልፍ ሚዛንም፣ ቴፒም በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም እስኪመጣ ይመሻል። ዓባይነህ ከጀልባዋ ወለል አንድ ቁራጭ ናስ ነቅለው በሞረድ ይቀርጹት ጀመር። በባሕሩ ዘመን በተኩስ መካከል ይህንኑ ሥራ ሠርተዋል፤ ያን ጊዜ ግን ማዶ ላይ የተኛች ልጅ አልነበረቻቸውም። ናሱ ጥቂት ቢሰፋ አይገባም፤ ጥቂት ቢጠብ ይላወሳል፤ ስለዚህ እየሞረዱ ይለካሉ፣ እየለኩ ይሞርዳሉ። ሰማን ቆሞ ያያቸዋል፤ ወንዙን ያያል፤ እንደ ገና ያያቸዋል። ጌታሁን መቼ ትደርሳላችሁ እያለ ደግሞ ደወለ፤ አሁንም ደወለ። ዓባይነህ በእጃቸው ዘይት ስለ ነበረ ስልኩን ሰማን እየያዘ በጆሯቸው ላይ ያደርግላቸው ነበር። በመጨረሻ ግን ጌታሁን ጥያቄውን ትቶ፣ «አባባ፣ ደሙ አልቆመም» ብቻ አለ።

ቁልፉ ገባ፤ ቮላኖውም በቦታው ተመለሰ። ቀጥሎ ካንዴላውን ነቅለው በቀዳዳው ቀጭን እንጨት ከተቱ፤ ቮላኖውን በእጃቸው ቀስ አድርገው እያዞሩ፣ ፒስተኑ እንጨቱን ወደ ላይ ገፍቶ የሚቆምበትን ጫፍ ፈለጉ፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው፣ እሳቱ የሚወለድበትን ቦታ በሚስማር ጭረት ምልክት አደረጉበት፤ የእሳት ሰጪውን ሳህን በዚያ ልክ አጠበቁ። ካንዴላውን መለሱ። ገመዱን አንድ ጊዜ ሳቡት።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ሳይተኩስ፣ ሳያስነጥስ፣ ከፋብሪካ ገና እንደ ወጣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ በዳሩ የቆሙት ሰዎች እጃቸውን አጨበጨቡ። ዓባይነህ ግን ጀልባዋ ውስጥ ገብተው መሪውን ያዙ፤ ሰማንም ግንድ የሚገፋበትን እንጨት ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ወንዙን በሰያፍ ቆርጠው ሄዱ፤ ሞተሩም በመካከለኛው ኃይለኛ ውኃ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገራገጨም።

ማዶ ሲደርሱ ወደ ጀልባዋ የሮጠ ሰው አልነበረም። የተሸከሟት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ ጌታሁን ጭቃው ላይ ተቀምጧል፤ ነጠላው ፊቷን ሸፍኗል። ሕፃኑም ከእሷ ጋር ሄዷል።

«መቼ?» አሉ ዓባይነህ።

ጌታሁን ቀና ብሎ አያቸው። «ሞተሩ ሲነሣ በሕይወት ነበረች። ሰምታዋለች። አባቴ ነው አለች።»

ዓባይነህ ልጃቸውን ከሰማን ጋር አንሥተው ጀልባዋ ውስጥ አስተኟት፤ ጌታሁንም ራሷን በጭኑ ያዘ። ወንዙን ተሻግረው ተመለሱ። አምቡላንሱ ያለ ጥሩምባ ወደ አማን ወጣ፤ የዓለምዘርፍ አዋላጅ አዘጋጅታ በምትጠብቅበት ደጅ ቆመ፤ ዓባይነህም መጀመሪያ ወርደው፣ በዘይት የጠቆረ እጃቸውን ይዘው ከፊቷ ቆሙ።

ከቀብሩ በኋላ ሰማን እየመጣ ያጽናናቸው ነበር። «ያለ ማስተካከል ብንሄድ ሁላችንም እንሞት ነበር፤ ትክክል ነበሩ» ይላቸዋል። ዓባይነህም፣ «ትክክል እንደ ነበርኩ አውቃለሁ» ይላሉ። ትክክለኛነታቸው ለማንም አልጠቀመም፤ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እሳቸውንም፣ ሚስታቸውንም፣ ሰማንንም ያያቸው ነበር። የዓለምዘርፍ አንድ ቀንም አልወቀሰቻቸውም፤ ብትወቅሳቸው ይቀል ነበር።

በኅዳር አዲሱ ክልል በይፋ ተመሠረተ፤ ሚዛን አማን ላይ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ሰዉ ጎዳናው ላይ ጨፈረ፤ የጨፈረውም በእውነት ደስ ብሎት ነው። ስለዚያ መስከረም የሚጽፉ ሰዎች ሕዝቡ በጨዋነት እንደ መረጠ፣ ሣጥኖችም ርቀው ላሉት ቀበሌዎች ሳይቀር በጊዜው እንደ ደረሱ ይጽፋሉ፤ የሚጽፉትም ሐሰት አይደለም። ወንዙ ግን ዛሬም ድልድይ የለውም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከማዶ የሚመጣ ቃሬዛ ውኃው ዳር ያርፋል፤ የተሸከሙትም ሰዎች ከወዲህ ዳር የሞተር ድምፅ እንዲሰማ ጆሯቸውን ጥለው ይቆማሉ።