ሄያዋ የሚለው ስም ከየት መጣ

በዚያች ማለዳ በአርማዶን ምድር ዶሮ ጮኸ፣ ፀሐይም ወጣች፤ ከሴት ወገን ግን የነቃ አልነበረም። ስማቸው ከሰው ሁሉ ምላስ ላይ ተሰርቆ አድሮ ነበር፤ ስሟ የተሰረቀባት ሴት ደግሞ አትነቃም። ባሎች ራስጌ ቆመው «አንቺ፣ ተነሽ እንጂ» አሉ። ብዙዎቹ ለወትሮውም የሚጠሩት እንዲሁ ነበርና፣ አንድ ነገር መጥፋቱ የገባቸው ቁርስ ሲዘገይ ነው።

የነቃችው ሄያዋ ብቻ ነበረች። የጡት እህቷ ሶርሜላ መውለጃዋ ደርሶ፣ ሆዷ እንደ ኮረብታ ተነፍቶ፣ እንደ ድንጋይ ተኝታለች።

ሌባውን የማያውቅ አልነበረም። በአጥመር ተራራ ውስጥ የሚኖረው፣ የስም ትርጉም እየበላ የሚወፍረው አውሬ ዘንዱል ነው። ብርሃን ማለት የሆነውን፣ ወርቅ ማለት የሆነውን፣ ድል ማለት የሆነውን ሁሉ ውጦ፣ የሄያዋን ስም ግን ልሶ ተወው። የሚበላ ትርጉም አላገኘበትማ።

ሄያዋ እጇን በሶርሜላ ሆድ ላይ ጭና ማለች፦ «አብረን የጠባነው ወተት ይፍረድብኝ። ስምሽን ሳላስመልስ ብቀር፣ የእኔም ስም በምድር ላይ አይጠራ።»

አባቷ ገርዳሞ የሸመገለ ጦረኛ ነበር፤ ጦሩን አንስቶ ተነሣ። የስም ሊቁ ኦርማጌልም ማንም ሳይጠራው ተከተላቸው። በመንገድ ላይ እሳት የሚተፉ አሞሮች ወረዱባቸው፤ ገርዳሞ ሲወጋ፣ ሄያዋ በጋሻ ስትመክት፣ ሊቁ የአርማዶን ስሞች ሁሉ ከደገኞች ቋንቋ መወለዳቸውን እያስረዳ ጢሙ ተቃጠለ። ንግግሩን ግን አላቋረጠም።

የተራራው ዋሻ እንደገቡ አፉ ከኋላቸው ተዘጋ። ግድግዳው ሞቃትና ለስላሳ ነው፤ ይተነፍሳል። የቆሙት በዋሻ ውስጥ ሳይሆን በአውሬው ሆድ ውስጥ መሆኑ ያን ጊዜ ገባቸው።

«ሄያዋ፣» አለ ዙሪያቸውን ያለው ሥጋ ሁሉ፤ «ትርጉምሽን ስጪኝና ደጁን ልክፈት።»

«ይህማ ቀላል ነው፣» አለ ሊቁ። «በእኛ በደገኞች ቋንቋ የንጋት ጤዛ ማለት ነው።»

ግድግዳው አብጦ በክንድ ያህል ቀረባቸው። ለካ የግምት ትርጉምም ያወፍረዋል።

«የሐይቅ ሰዎች ግን የተመለሰች ታንኳ ነው ይላሉ፣ ይህ እንኳ ስሕተት...»

ሌላ ክንድ ቀረበ። የገርዳሞ ጦር ከገዛ ጎድኑ ጋር ተጣበቀ።

«የኔታ፣ በፈጠረዎት አፍዎን ይያዙልን።»

«አያ ገርዳሞ፣ እውቀት በግማሽ አይነገርም። በበረሃ ሰዎች ዘንድ ደግሞ የማትጠማ...»

ከዚያ በኋላ ክንዱን ማንሳት የሚችል አልነበረም። የሊቁ ጉንጭ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ በመጨረሻም ዝም አለ። አየሩ ሳሳ። ሦስቱ ተራ በተራ ካልሆነ መተንፈስ አልቻሉም።

«አባዬ፣» አለች ሄያዋ በተራዋ፣ «ስሜን ያወጣኸው አንተ ነህ። ምን ማለት ነው?»

ገርዳሞ ተራው ሲደርስ ትንፋሹን ብቻ ሳበ። እንደገና እስኪደርሰው ጠበቀ።

«እኔ አላወጣሁትም። እናትሽ ስትወልድሽ በር ላይ ቆሜ ነበር። በመጨረሻው ምጥ ያወጣችው ድምፅ ነው። ቃል አይደለም። ከዚያ ወዲያ አልተነፈሰችም። ሌላ ስም ልጥራሽ ብል አፌ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ የኔታ ስለ ጤዛው ሲያወሩ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ይል ነበራ።»

ሄያዋ በጨለማው ውስጥ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ፤ ማድረግ ያለባት ነገር ታይቷታልና። ገርዳሞም ገባው።

«በፈቃድ የተሰጠውን ስም ሰው መልሶ አያገኘውም፤ የሌሎቹ ግን የተሰረቀ ነው፣ ሳይፈጭ ከወጣ ይመለሳል» አለ። «ከእናትሽ ያለሽ ደግሞ ይህ ስም ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ሶርሜላ ግን ተኝታ መውለድ አትችልም። አንድ ጊዜ ጥራኝ።»

«ሄያዋ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ዘንዱል፣ ስሜን ከነሥሩ ሰጥቼሃለሁ። እስቲ ፍጨው።»

አውሬው ዋጠው። አላመጠው፣ ገለበጠው፤ የሚፈጭ ነገር የለም። ያልተጨረሰ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ጩኸቱም በውስጡ ሥራውን ቀጠለ። ዘንዱል በዘመኑ የማያውቀው ምጥ ያዘው። ተራራው አንድ ጊዜ ተኮማተረ፣ ሁለተኛ ተኮማተረ፤ በሦስተኛው ሦስቱን ሰዎችና የአርማዶንን ሴቶች ስም ሁሉ በአንድነት ወደ ፀሐይ ገፍቶ ወለዳቸው፤ እሱም በዚያው ሞተ።

በአርማዶን ሴቶቹ ነቁ። የልጅቱን ስም ግን መጥራት የቻለ አልተገኘም፤ እሷም ራሷ አጣችው። አባቷ ጠዋት ጠዋት ሊጠራት አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ሊቁ ስለ ጀግንነቷ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ፣ የስሟን ቦታ ባዶ ትቶ፣ ከግርጌው «ከእኛ ቋንቋ መምጣቱ ግን አያጠራጥርም» አለ።

ሶርሜላ ምጥ የያዛት ዕለት ልጅቱና አባቷ በር ላይ ቆሙ። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ «አይዞሽ፣ አሁን፣ አሁን» ይላል። ቀጥሎ ሶርሜላ፣ ምን እንዳለች ሳታውቀው፣ ባላት ትንፋሽ ሁሉ አወጣችው፦

«ሄ... ያዋ።»

ገርዳሞ ግንቡን ተደገፈ። ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቱም በሩ ላይ እንደቆመች፣ ቀስ ብላ፣ «አቤት» አለች።